በሁለት ባትሪ የወጣነው የጣርማ በር ዳገት

የልጄ ጥፍር ቀለሙ መለወጡን ያየሁት ለምሳ እጇን ሳስታጥባት ነው። መጀመሪያ የእስክሪብቶ ቀለም መሰለኝ። ስትጽፍ ውላ ጣቶቿን ሰማያዊ አድርጋ መምጣት ልማዷ ነው። ወሩ ነሐሴ መሆኑን፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ መሰንበቱን በዚያች ቅጽበት አላስታወስኩም። ሳሙና አምጥቼ አሸሁት፤ አልለቀቀም። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አልለቀቀም።

«እማዬ፣ ተይው፤ አመመኝ እኮ» አለችኝ። በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ትስባለች። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ያው ቀለም ከንፈሯ ላይም አለ። ጉንፋን ነው፣ ያልፋል እያልኩ የሰነበትኩት ነገር ጉንፋን እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጄ ብርቱካን ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን የምጽፈው ከዚያ እጅ መታጠቢያ ተነስቼ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ደርሼ እስክመለስ በመንገድ ያየሁትን ለመንገር ነው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ላይ ያበቃ ስለሆነ አጻጻፌ እንደ ወሬዬ ነው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ የሆነ ነው።

ከቀወት እስከ ሸዋ ሮቢት

ሰፈራችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ በቀወት ቆላ ውስጥ ናት። ማሾና ማሽላ እንዘራለን፤ ውኃ የደረሰው ሽንኩርት ያለማል። የብርቱካን አባት ከብቶቹን ይዞ ሣር ፍለጋ ወደ በረሃው ወርዶ ነበር። ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምቶ መጣና ልጅቷን አየት አድርጎ አህያውን ጋሪው ላይ ጠመደ።

«የሕክምናዋ መኪና ዛሬ ሮቢት ናት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ያቺ ጣሪያዋ ላይ መስታወት የተሸከመችው።»

ጋሪው ላይ ገለባ ጎዝጉዘን፣ ብርቱካንን ደረቴ ላይ አስደግፌ ወጣን። ጋደም ሳደርጋት ትታፈናለች፤ ስለዚህ ቁጭ እንዳለች ያዝኳት። ሰማዩ ሳምንት ሙሉ እንደ አክንባሎ ተደፍቶብን ነበር። ዝናብ እንኳ በወጉ አይዘንብም፤ ያካፋል፣ ያቆማል፣ ያካፋል። ሙቀቱ ግን ያው የቆላ ሙቀት ነው፤ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሾው አብቧል፣ ማሽላው ደረት ደርሷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማን ማሳ አማረ የማን ከሰመ እያልኩ እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን የማየው የልጄን ትከሻ ነው። በተነፈሰች ቁጥር ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ጭቃው ጎማውን ሲይዝ ጎረቤታችን ወርዶ ይገፋል፣ እኔም በአንድ እጄ ልጄን በአንድ እጄ የጋሪውን ጠርዝ እይዛለሁ።

«አህያው ፈጠን አይልም ወይ?» አልኩት።

«ጭቃውን እያየሽው» አለኝ። ወዲያው ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እንደርሳለን፤ አታልቅሽ፣ ታይሻለች» አለ።

ሮቢት ገበያ ነበር። ፓፓያና ሎሚ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ባጃጆች ከወዲያ ወዲህ ይጮኻሉ። መኪናዋን ከሩቅ አወቅናት፤ ነጭ ላንድክሩዘር ናት፤ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጥቁር የሶላር ሰሌዳዎች ተጋድመዋል። በየቀበሌው እየዞረች ሕፃናት የምትከትብና በሽተኛ የምታይ መኪና ናት።

ሮቢት ላይ የተነገረኝ

ነርሷ ሲስተር ከድጃ ትባላለች፤ የአሊዩ አምባ ልጅ ናት። ወጣት ናት፤ እጇ ግን ቀልጣፋ ነው። ብርቱካንን ገና ከጋሪው ሳላወርዳት ጣቷ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለ ነገር አደረገችላትና ቁጥር አነበበች። ቁጥሩን አልነገረችኝም፤ ፊቷ ግን ነገረኝ።

«እትዬ፣ የሳንባ ምች ነው። መርፌ አሁን እወጋታለሁ፤ ግን ኦክስጅን ካላገኘች አይሆንም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዘናት እንሂድ።»

«ትሞትብኛለች?»

«አብሽሪ እትዬ። መንገድ እንጀምር።»

ከመኪናዋ ኋላ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ ጎን የሻይ ሣጥን የምታህል መሣሪያ ቆማለች። ሲስተር ከድጃ ቀጭን ቱቦ አወጣችና የልጄ አፍንጫ ላይ አደረገች። መሣሪያዋ ስትነሳ እርር እርር እያለች ትተነፍሳለች። አየሩን ስባ ኦክስጅኑን ለይታ የምትሰጥ ናት አሉኝ። ግንባሯ ላይ ትንሽ መብራት አለ፤ ባትሪው በቂ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲቀንስ ቢጫ፣ ሊያልቅ ሲል ቀይ።

ብርቱካን ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬ፣ የተኛች ድመት ትመስላለች» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። አለቀስኩ።

ሾፌሩ ጋሽ ታደሰ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ የደብረ ሲና ሰው፤ ባርኔጣ ከራሳቸው አይጠፋም። የኋላውን በር ከመዝጋታቸው በፊት ወንበሩን አንስተው ከሥሩ ያለውን ባትሪ ዳሰስ አደረጉ፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። ፈሪ ሰው ሁሉን ይጠይቃል።

«ምንም አይደል። ይህ ባትሪ ለሕክምናው ዕቃ ነው። ለክትባቱ ማቀዝቀዣ፣ ለዚህች መሣሪያ። ሌላው ደግሞ ከፊት አለ፤ እሱ ሞተር ያስነሳል። የኋላውን የሚሞላው ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ነው። ይኸው እንደምታይው ግን ፀሐይ ከጠፋች ሳምንቷ ነው። ስለዚህ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

«ሞተሩ አለልሽ። ሞተር ሲዞር ዲናሞ አብሮ ይዞራል፤ ዲናሞው መብራት ያመርታል። በወፍራም ገመድ ወደ ኋላ ልከነዋል። መኪናዋ እስከሄደች ድረስ ልጅሽ ትተነፍሳለች።»

«ጋሽ ታደሰ ስለ ባትሪ ከጀመሩ ጣርማ በር ሳንደርስ አያቆሙም» አለች ሲስተር ከድጃ መርፌዋን እያዘጋጀች።

«አንቺ ስለ መርፌ ስታወሪ እኔ እሰማሽ የለም?» አሏትና ወደ ፊት ሄዱ። ከመሪው ሥር ቀይ እጀታ ያለው ማብሪያ አለ። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውና የሚለየው እሱ ነው። ራሱ በራሱ የሚሠራ ዕቃ ነበረው፤ ተቃጥሎ ምትኩ እስኪመጣ በእጅ ይሠሩታል። ሞተር ሲነሳ እጀታውን ዝቅ፣ ሞተር ሲጠፋ ከፍ። ከፍ ካልተደረገ ባዶው የኋላ ባትሪ የፊተኛውን ይጠባዋል፤ መኪናዋም አትነሳም። እንዳይረሱት ሁልጊዜ በአፋቸው ይናገሩታል። ሞተሩን አስነሱና «ዝቅ» አሉ። ነዳጅ ለመሙላት ሲያቆሙ «ከፍ» አሉ። ተነስተን ከሮቢት ስንወጣ እንደገና «ዝቅ» አሉ። እኔም በልቤ እንደ ጸሎት አብሬ እላለሁ።

አርማንያ ሳንደርስ

አስፋልቱ ከሮቢት ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ሜዳውን እየተወ ወደ ተራራው መጠጋት ይጀምራል። ወደ ኋላ ሲያዩት ቆላው በደመና ሥር ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ወደ ፊት ሲያዩት ተራራው ከወገቡ በላይ የለም፤ ጉም በልቶታል። ብርቱካን ደረቴ ላይ አንቀላፍታለች። መብራቱ አረንጓዴ ነው። ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም፤ ቀና የምለው ጥፍሯን ለማየት ብቻ ነው። ትንሽ የቀላ መሰለኝና ለሲስተር ከድጃ አሳየኋት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ግን እትዬ፣ ደጋው ላይ አየሩ ይሳሳል። ስንወጣ መሣሪያዋ የበለጠ ታስፈልጋታለች።» ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ባይናገር ይሻላል አልኩ በሆዴ።

አንድ ትልቅ ግራር መንገድ ዳር አለ። እዚያ ጋ ስንቃረብ ዋይታ ሰማን። ከቀኝ ባለው የእግር መንገድ ቀብርተኛ ወጣ፤ ከፊት ጥላ የያዙ ቄሶች፣ ቀጥሎ ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች፣ ከኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች። ቤተ ክርስቲያኑ ከአስፋልቱ ማዶ ጉብታ ላይ ነው። ጋሽ ታደሰ ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡና ወርደው ቆሙ። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እኔም መኪና ውስጥ ሆኜ አማተብኩ። ዓይኔ ቃሬዛው ላይ ስለነበረ ያን ጊዜ አልታወቀኝም፤ ኋላ ሳስበው ነው የገባኝ። «ከፍ» የሚለውን ቃል አልሰማሁም።

ያልፋሉ ስንል ተሸካሚዎቹ አስፋልቱ መሀል፣ ልክ ከመኪናችን ፊት፣ ቃሬዛውን አሳረፉት። በእኛ አገር ሬሳ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ቦታ ያርፋል፤ በየማረፊያው ካህናቱ ፍትሐት ያደርሱለታል። ከግራሩ ሥር ያለው ስፍራ አንዱ ማረፊያ ኖሯል። ቄሶቹ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

እንግዲህ የእናት ልብ ምን እንደሚል እናት ታውቀዋለች። ሬሳ መጥቶ የታመመች ልጄ ፊት አረፈ። ብርቱካን እንዳታይ ዓይኗን በነጠላዬ ሸፈንኩት። «ለእኛ አይደለም፣ ለእኛ አይደለም» እላለሁ።

ፍትሐቱ ረዘመ። መብራቱን አየሁት፤ ቢጫ ሆኗል።

«ሲስተር» አልኩ። እሷም አይታዋለች። በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ሞተሩን ያስነሱልኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ሬሳ አርፎ ሞተር አይነሳም፤ ነውር ነው። ትንሽ ታገሺ፣ ሊጨርሱ ነው። የኋላው ባትሪ ይችላል።»

ሞልቶ ቢሆን ይችል ነበር። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ቀላ። መሣሪያዋ እንደ ወፍ ጫጩት ትጮኽ ጀመር። ያኔ ጋሽ ታደሰ ነውሩን ትተው ዘለው ገቡና ቁልፉን አዞሩ። ጠቅ አለ። ደግመው አዞሩ። ጠቅ አለ እንጂ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልዞረም። ወደ መሪው ሥር ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸው እዚያው ቀረ። እጀታው ዝቅ እንዳለ ነበር።

«አላነሳሁትም» አሉ ቀስ ብለው። «ለሬሳው ባርኔጣዬን ሳወልቅ እሱን ረሳሁት። የፊቱንም ጠብቶታል።»

መሣሪያዋ አንዴ ረዘም አድርጋ ጮኸችና ዝም አለች።

«ድመቷ ዝም አለች» አለች ብርቱካን። ነቅታለች። ከዚያ በኋላ አላወራችም፤ ትንፋሿን ለመተንፈስ ብቻ ፈለገችው። ሲስተር ከድጃ ቀና አድርጋ ያዘቻትና ጣቷ ላይ ያለውን ቁጥር ታያለች፣ ፊቷን ታያለች፣ ቁጥሩን ታያለች።

ከኋላችን አንድ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ወርዶ መጣና ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። «ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሞተር ይዛችሁ መብራት ቸገራችሁ?» አለ።

«ፀሐይዋን አንተ ደብቀሃት እንደሆነ አውጣት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ልጅቷን በመስኮት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ገመድ ይኖራችኋል? ከእኔ ባትሪ እናገናኘው።»

«ያንተ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ የእኔ አሥራ ሁለት። መሣሪያዋን ያቃጥልብናል። ተገፍታ ብትነሳ ነው የሚሻለው።»

ዙሪያውን አየን። መንገዱ ትንሽ ዳገት ይዟል፤ መኪናዋ ከባድ ናት፤ እኛ አራት ሰው ነን፣ አንዷም ልጄን ይዛለች። ሰው ያለው ከፊታችን ነው። እነሱ ደግሞ ሬሳቸው መሀል መንገድ ላይ ነው።

ቀብር አቋርጦ ሰው መጥራት ለወንድ ይከብዳል። ለእኔም ከበደኝ። ሮጬ እንደሆነ በርሬ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክኬ ነው። ካህናቱ ማንበባቸውን አቆሙ። ሴቶቹ ሌላ አልቃሽ የመጣች መሰላቸውና ጥግ ለቀቁልኝ። አንዲት አሮጊት በሁለት ሴቶች ተደግፈው ራስጌው ዘንድ ቆመዋል። ሟቹ ልጃቸው መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅሁ።

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ልጄ እዚያ መኪና ውስጥ ናት። የምትተነፍስበት መሣሪያ ጠፋ። መኪናው ካልተገፋ አይነሳም።»

አሮጊቷ መኪናዋን አዩ፤ እኔን አዩ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ትተነፍሳለች?»

«እየተነፈሰች ነው፤ ግን እያቃታት ነው።»

ደጋፊዎቻቸውን እጅ አስለቀቁና ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «የኔ ልጅ ከእንግዲህ አይቸኩልም» አሉ። «ዳር አሳርፉትና የሷን ግፉላት።»

አንድ ሽማግሌ፣ «እትዬ የሺ፣ ከማረፊያው ውጪ ይረፍ ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ሲጀምሩ ከካህናቱ ታላቁ አባ ራሳቸው መጽሐፉን አጠፉ። «ይረፍ። ፍትሐቱን ከዚያው እንቀጥላለን» አሉና የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ። ከግራሩ ሥር ሣር ላይ አሳረፉት። ሴቶቹ ከበቡት፤ ወንዶቹ ወደ እኛ መጡ። ቄሶቹም መጡ፤ መስቀላቸውን መታጠቂያቸው ውስጥ ሸጉጠው።

«ሬሳ ተሸክመን ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተን ጎማ ያላት መኪና ታቅተን?» አለ አንዱ ጎልማሳ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን እጁን መኪናዋ ላይ አሳረፈ። ጋሽ ታደሰ እጀታውን ከፍ አድርገው ማርሽ አስገቡ። እኔም ከኋላ ከሚገፉት መሀል ገባሁ። ገፋን። መኪናዋ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ሆነች። ከዚያ ነቃ አለች፤ ከዚያ ሄደች። ጋሽ ታደሰ ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ተንቀጠቀጠችና ቆመች።

«አልያዘችም» አሉ። «እስቲ አንዴ ድገሙኝ።»

ደግመን ገፋን። አልያዘችም። ሦስተኛው ላይ ወንዶቹ እንደ እርሻ በሬ እየተነፈሱ ነው። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ጥቁር ጭስ ፊታችን ላይ ተፋችና ሞተሩ ያዘ።

ጋሽ ታደሰ ሙሉ በሙሉ ለማቆም ፈርተው ቀስ እያሉ ሄዱ። ሲስተር ከድጃ በሩን ከፍታ፣ «እትዬ፣ ሩጪ» አለችኝ። ሮጬ ዘልዬ ገባሁ። አንድ እግር ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ቀረ። ለሰዎቹ ቃል እንኳ አልተናገርኩም። ወደ ኋላ ሳይ አሮጊቷ ከልጃቸው አጠገብ ቆመው በእጃቸው ሂዱ፣ ሂዱ ይሉናል።

ከፊት «ዝቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሣሪያዋ እርር ብላ ተነሳች።

ጉም ውስጥ

«ከዚህ በኋላ ሞተር የማጠፋው ሆስፒታል በር ላይ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ባርኔጣቸውን መልሰው አላደረጉም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው ሲቀላ አየሁ።

አርማንያን አለፍን። ደብረ ሲና ስንደርስ ካፊያው ጉም ሆነ። ከተማው ውስጥ ቆሎና የተቀቀለ በቆሎ የሚሸጡ ልጃገረዶች መስኮታችንን እየደበደቡ አብረውን ሮጡ። «እናቴ፣ ትኩስ ነው፤ በብር ነው፤ በብር» ትለኛለች አንዷ። እጄን ስዘረጋ ልጄን አየቻትና በቆሎውን ጭኔ ላይ ጥላልኝ ሮጠች። ብሩን ልወረውርላት ስል ጉሙ ዋጣት። በቆሎውን እስከ ደብረ ብርሃን አቅፌው ሄድኩ፤ ሙቀቱን ለብርቱካን እግር አደረግሁት።

ከደብረ ሲና በላይ ያለው መንገድ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ ጉሙ ሸፍኖት አይታይም። አለማየቴ ጠቀመኝ። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ ስስ ነጠላ ነው የለበስኩት፤ አንድ እግሬ ባዶ ነው። ሲስተር ከድጃ ሻርፗን አውልቃ እግሬ ላይ ጠመጠመችልኝ። የብርቱካን ከንፈር እንደገና ጠቆር አለ፤ ሲስተር እንዳለችው አየሩ ሳስቷል። ሲስተር ከድጃ መሣሪያዋ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨመር አደረገችው። መብራቱ ቢጫ ነው። ጋሽ ታደሰ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ሲወጡ ሞተሩ ሲጮህ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ከፊት ጭነት መኪና ዘግቶን የሞተሩ ድምፅ ሲቀንስ ወደ ቢጫ ይመለሳል። ስለዚህ የሞተር ጩኸት እንደ ዘፈን ይናፍቀኝ ጀመር።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አለ። ስንገባ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ውኃ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ፀሐይ በሌለበት ምድር ከምድር በታች ገባን አልኩ። በጨለማው ውስጥ የሚታየኝ ያቺ ትንሽ መብራት ብቻ ናት። አረንጓዴ ነበረች። ዋሻው እስኪያልቅ ልጄን ያየሁት በእሷ ብርሃን ነው።

ከዚያ ወዲያ ደጋው ሜዳ ነው። ገብስና ባቄላ፣ በጎች፣ የድንጋይ ቤቶች። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ግቢ ስንገባ በአልጋ ተቀበሏት። ልጄን ከመሣሪያዋ አላቀው ወደ ትልቁ ኦክስጅን እስኪያደርሷት ጋሽ ታደሰ ሞተሩን አላጠፉም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው «ከፍ» ብለው ቁልፉን ያዞሩት። መሪው ላይ ተደፍተው ቆዩ።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አሉኝ።

«ለሬሳ ነው የቆሙት ጋሼ» አልኳቸው።

ወደ ቤት

ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ግድም ተኛን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ሲወስደኝ መሣሪያዋ ዝም ስትል እሰማና እነቃ ነበር። አባቷ ከበረሃ ተመልሶ ሰምቶ መጣ፤ ጫማ ገዛልኝ። ብርቱካን መጀመሪያ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሾርባ ጠጣች፣ ከዚያ ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር ተጣላች። ስትጣላ ሐኪሙ «አሁን ትወጣለች» አለ።

በአውቶቡስ ወደ ቆላ ስንወርድ ጳጉሜ ገብቶ ነበር። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ ያን ቀን ብትወጣ ኖሮ አልኩ። አርማንያን አልፈን ግራሩ ጋ ወራጅ አልን። ቤቱን ማግኘት አልቸገረንም፤ «መኪና የገፋንበት ቀብር» ስንል ሕፃናቱ ሁሉ ያውቁታል።

እትዬ የሺ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ልቅሶ ልንደርስ እንደመጣን ነገርናቸው፤ ባለቤቴ ያመጣውን ስኳር አስቀመጠ። ከእግራቸው ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የእኔ አንድ እግር ጫማ ታጥቦ ቆሟል።

«ትመጫለሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «ብትመጪ ይዘሻት ነው፣ ብትቀሪ ደግሞ እኔው አለቅስላታለሁ ብዬ ነበር።»

ብርቱካን ከኋላዬ ተደብቃ ነበር። አሮጊቷ ጠሯትና መዳፋቸውን አፏ ፊት ዘረጉ። «እስቲ ተንፍሽልኝ።»

ልጄ አፍራ አየችኝ፤ ከዚያ ተነፈሰችባቸው። እንደገና አሉ፤ ደገመች። መዳፋቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«ሰው ሰባት ጊዜ ነው የሚያርፍ» አሉ። «የኔ ልጅ ስምንት ጊዜ አረፈ። ስምንተኛዋ ያንቺ ናት፤ አትርሺለት።» ብርቱካን ምን እንደተባለች ባይገባትም እሺ አለች። እኔ ግን ስሙን ጠይቄ ያዝኩት፤ በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን እንጀራና ጠላ ይዤ ልወጣ ቃል ገባሁ።

ሰፈራችን የደረስነው ፀሐይዋ ማሾው ላይ ሳለች ነው። ጎረቤታችን ጋሪውን ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ መጥቶ ጠበቀን። ጭቃው ደርቋል፤ አህያው በዚያን ቀን በሚገርም ሁኔታ ሮጠ።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ብርቱካን እጇን ስትታጠብ ጥፍሯን አያለሁ። ቀብር ስሸኝ ግን አንድ ልማድ ይዣለሁ፤ ቃሬዛው ሲያርፍ ለእኛ የቆመ መኪና ካለ ሄጄ ውስጡን አያለሁ፤ ሾፌሩንም ሞተር ብታነሳ ማንም አይቀየምህም እለዋለሁ። ሰዎች ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ልጄ ትተነፍሳለች። ቤታችን ገብተናል፤ ደህና ነን።